ጠርዙ የጎደለ ሸክላ

የሙት ቤት ማራገፍ የአጎቴ ሥራ ነው፤
ወራሽ ያልመጣለት፣ ዘመድ ያልጠየቀው፣
ያዙ ወንዝ አጠገብ የጣውላ ቤት ሲዘጋ፣
"ኦባዳያን ጥሩት!" ይላሉ ሳይነጋ።
እኔም ከኋላው ነኝ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣
ጓንት የለኝም እንጂ አለኝ ጉልበቴ።

ያን ቀን የወይዘሮ ቲልዳን ጓዝ ጫንነው፤
አልጋውን፣ ገንዳውን፣ ሳጥኑን አሰርነው።
"የዶሮ ቤቱንም እየው፣" አለኝ፣
"ምስማር ይሸጣል።"
                         አየሁ።

በሰሜን በኩል፣ ንፋስ በሚገባበት፣
ጣውላው በስብሶ ቀዳዳ በሆነበት፣
ጥቁር ክብ ነገር፣ ድስት ክዳን የመሰለ፣
በእምብርቱ በኩል ተቸንክሮ አለ።

ሸክላ።

እኔ የማውቀው ሸክላ የከተማውን ነው፤
ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሥዕል ያለው ከረጢቱ።
ይሄ ከባድ ነው፤ የዶሮ ኩስ ደርቆበታል።
ሦስቱ ተሰንጥቀዋል። አንዱ ጠርዙን ብቻ አጥቷል፣
አይጥ እንደቀመሰው ዳቦ።
በምራቄ ጠረግሁት፤ ከመሐሉ ስም ወጣ፦
አይሶም ክራውደር፤ ድምፅና ጊታር።

የቲልዳ ግራሞፎን እጀታው ይዞራል፤ መርፌ ግን የለውም።
አጎቴ ከኮቱ ኮሌታ የልብስ መርፌ ነቅሎ ሰካበት።
መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው፣
የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንሾካሾክ ዝናብ።
ከዚያ ከዝናቡ ሥር አንድ ሰው
ሰላም ሳይል፣ በር ሳያንኳኳ፣
የግማሽ ቃል ጭራ በአፉ ይዞ ገባ።

ብሉዝ የሽማግሌ ማጉረምረም ይመስለኝ ነበር።
ጊታሩ አንድ ነው፤ እኔ የሰማሁት ሁለት፦
አውራ ጣቱ በቅሎ ነው፣ እርምጃው የማይፈጥን፣
ሌሎቹ ጣቶቹ ልጆች፣
ከበቅሎዋ ፊት ፊት የሚሮጡ፣
እየዞሩ ደግሞ "ነይ እንጂ!" የሚሏት።

"ማነው?" አልኩ።
አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሬሳ የወጣ ይመስል።
"አይሶም? የጥጥ መዳመጫው የሌሊት ዘበኛ ነዋ።"

ሁሌ የማልፈው ሰው! ውሻ የሚፈራ፣
ፋኖሱን አንስቶ "ማነህ?" የሚል በጎራ፣
ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት መኪና የበላበት።

ማታ ሄድን። ጥጥ እስር ላይ ተቀምጦ ሰማ።
ፊቱ ምንም አላለም።
"ሜምፊስ ነው፣ ሆቴል ቤት፤
ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው ነበር።
የሚቀርጹት ሰም ላይ ነው፤ በአምፖል ያለሰልሱታል።
ሃያ ዶላር ሰጡኝ፤
ሰሙን ፍቀው ለሌላ ዘፋኝ አዋሉት።"

ሰሙ ተፋቀ፣ አልኩ በልቤ፤ ወርቁስ?
ወርቁ ሠላሳ ክረምት ዶሮ ከብርድ ሲጋርድ ኖረ።

"ደግሞ ቸኩሏል፣" አለ። "እኔ እንዲህ አልሮጥም።
ማነው ይሄ እንደ ግልገል የሚጮህ? በጣትህ ያዘው።"
አውራ ጣቴን ጠርዙ ላይ አሳረፍኩ፣ ቀስ ብዬ።
ድምፁ ወረደ፤ ከአንገት ወደ ደረት፣
ከደረት ወደ ሆድ፤
አፈር ያዘ፣ ዕድሜ ያዘ፤
ሽማግሌው እጁን አነሳ፦
"እዚያ ጋ። አሁን እኔ ነኝ። በል፣ ከመጀመሪያው።"

"መጀመሪያው የለም፣" አልኩት። "ተሰብሯል።"

ፋኖሱን መሬት አስቀመጠ።
በሦስቱ ጣቶቹ ባዶ አየር ጨበጠ፣ የጊታር አንገት በሚሆንበት በኩል፣
መዳመጫው ውስጥ፣ ብናኙ መሐል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣

እንደምን አደርሽ፣ እማ፤ ወንዙ ደጃችን ላይ—

ብሎ ቃሉን ከግማሹ ለቀቀው።
መርፌውን ጣልኩ። ያ ልጅ ግማሹን ተቀበለው።

ለካ በሩን አንኳኩቶ ነበር።
ለካ ሰላም ብሎ ነው የገባው።